አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ጣት

የዛሬው ትንሽ ይረዝማል። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

የፓሪስን ኦሎምፒክ (እ.ኤ.አ. 2024) የተከታተለ ሰው ያንን ቱርካዊ አይረሳውም። ዩሱፍ ዲኬች። ሌሎቹ ልዩ መነጽር፣ የዓይን መከለያ፣ ትልልቅ የጆሮ መሸፈኛ ደርድረው ሲቆሙ እሱ ቲሸርቱን ለብሶ፣ ተራ መነጽሩን አድርጎ፣ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ተኮሰ። ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ የብር ሜዳልያ ወሰዱ። ዓለም ሁሉ «ሰውየው ገበያ ሲሄድ መንገድ ላይ ጎራ ብሎ ነው እንዴ?» እያለ ሲሳሳቅ ከረመ። እውነቱን ለመናገር እጅ ኪስ መክተት የብዙ ሽጉጥ ተኳሾች ልማድ ነው፤ ትከሻን ያረጋጋል።

እኔ ግን ቪዲዮውን ደጋግሜ ያየሁት ለኪሱ ብዬ አይደለም። ለቀኝ እጁ ሌባ ጣት ነው። እስቲ ተመልሳችሁ እዩት። ጣቱ ሲንቀሳቀስ አይታይም! ጥይቱ ሲወጣ እንኳ ያ ጣት የተንቀሳቀሰ አይመስልም።

ለምን ጣት ላይ እንዳፈጠጥኩ ልንገራችሁ። የምኖረው ጀርመን ነው፣ ሥራዬም ቶርኖ ላይ ብረት መቅረጽ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዒላማ ተኩስ ክበብ አባል ስለሆነ አንዳንድ ቅዳሜ አብሬው እሄዳለሁ። አንድ ቀን እዚያ ብዙ ዓመት የተኮሱ አንድ አዛውንት የሽጉጣቸው ምላጭ «ይከብዳል፣ ይሻክራል» ብለው ቤታቸው ፈትተው በስለት ድንጋይ ሞርደውት መጡ። ካዝናውን አስገቡ፣ የላዩን ብረት ለቀቁት። ሽጉጡ ጮኸ። ምላጩን አልነኩትም። ጣታቸው ከምላጩ ውጭ ነበር።

አፈሙዙ ወደ ዒላማው ስለነበር ጥይቱ አሸዋው ውስጥ ገባ። ማንም አልተጎዳም። ግን የዚያን ክፍል ዝምታ አልረሳውም። ሰውየው ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት የተኮሰ ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል? ምላጭን «ማለስለስ» ምን ያህል ቢያጓጓ ነው? መልሱን ፍለጋ ስገባበት ረጅም ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

*

መጀመሪያ ነገሩን እንግለጠው። በኛ ቋንቋ ጢም መላጫውም ምላጭ ነው፣ የመሣሪያው መሳቢያም ምላጭ ነው። ቃታ የሚሉትም አሉ። ሽጉጥ ውስጥ ትንሽ መዶሻ አለ፤ ጠንካራ ሞላ ከኋላዋ ይገፋታል። እንዳትሄድ የያዛት አንድ ትንሽ የብረት ጥርስ ነው። ምላጩን ስትስቡ ያ ጥርስ ከተቀመጠበት ጎድጓዳ ይንሸራተታል፣ መዶሻዋ ትለቀቃለች፣ መርፌውን ትመታለች፣ ጥይቱ ይተኮሳል። በቃ፣ ዋናው ነገር ይሄው ነው።

ተኳሾች «የምላጭ ስሜት» የሚሉት ጣት በዚህ መንገድ ላይ የሚሰማውን ነው። መጀመሪያ ቀላል ባዶ ጉዞ አለ። ከዚያ ጣታችሁ ግድግዳ ያገኛል። ግድግዳው ላይ ትንሽ ስትጨምሩ ጥርሱ ይለቃል። ጥሩ ምላጭ ቀጭን ብርጭቆ እንደሚሰበር «ቀጭ» ብሎ ይለቃል፤ ከለቀቀ በኋላም ጣት ወደ ኋላ ሩቅ አይሄድም። መጥፎ ምላጭ ጭቃ ውስጥ እንደሚጎተት ገመድ ነው፤ ይጎተታል፣ ይያዛል፣ ደግሞ ይጎተታል፣ መቼ እንደሚለቅ አታውቁም።

ታዲያ ይሄ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? ሒሳቡን ልሥራላችሁ። በኦሎምፒክ የ25 ሜትር ሽጉጥ ላይ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ ርቀት ቢበዛ 220 ሚሊ ሜትር ነው። ምላጩ ሲጎተት የፊቱ ማነጣጠሪያ አንዲት ሚሊ ሜትር ብቻ ብትዛነፍ፣ 25 ሜትር ላይ ጥይቱ ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ይስታል። ለጥራት ተኩስ የሚያገለግለው ዒላማ መሐል ያለው የ10 ነጥብ ክብ ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ከመሐል ተነስቶ ከ10 ለመውጣት የሚበቃው መዛነፍ ከሩብ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ሁለት ሦስት የራስ ፀጉር ጎን ለጎን ማለት ነው። ዓይን አነጣጥሮ የጨረሰውን ሥራ ጣት በመጨረሻዋ ቅጽበት ታበላሸዋለች።

*

ችግሩ ከባሩድ ይቀድማል። ቻይና ውስጥ በሺያን አቅራቢያ፣ በመጀመሪያው የቺን ንጉሠ ነገሥት መቃብር ዙሪያ ከተገኙት የሸክላ ወታደሮች ጋር ከነሐስ የተሠሩ የቀስት ምላጮች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው ከ2200 ዓመት በላይ ነው። የዚያን ቀስት ጅማት ለመወጠር የሰው ሙሉ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ለመልቀቅ ግን አንድ ጣት ይበቃል። ምስጢሩ ተደራርበው የሚገፋፉ ትንንሽ ማንሻዎች ናቸው። አንዱ የሌላውን ሸክም ይከፍለዋል፣ ጣት የሚደርሳት የመጨረሻዋ ቁራሽ ብቻ ናት።

አውሮፓውያን በኋላ ሌላ ዘዴ አመጡ። እንደ ወጥመድ የሚጠመድ ምላጭ። አስቀድማችሁ አንዲት ትንሽ ሞላ ታጠምዳላችሁ፤ ከዚያ ዋናውን ምላጭ ስትነኩት፣ ስቡት አላልኩም፣ ስትነኩት፣ የተጠመደችው ሞላ ፈንጥራ ጥርሱን ትመታዋለች። ሥራውን የሠራችው ሞላዋ ናት። የ50 ሜትር ሽጉጥ ውድድር የምላጭ ክብደት ገደብ ስላልነበረው በዚህ ዘዴ ጥቂት ግራም ብቻ የሚመዝን ምላጭ ይሠራ ነበር። ደቡብ ኮሪያዊው ጂን ጆንግ-ኦ በ2008፣ በ2012 እና በ2016 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ወርቅ የወሰደበት ውድድር ነው። ከዚያ በኋላ ከኦሎምፒክ ወጣ።

ግን ልብ በሉ፤ ያኛው ሽጉጥ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ ጥይት የሚተፋ ነው። የኛ ጉዳይ ራሱን የሚያጎርሰው ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል።

ራሱን የሚያጎርስ ሽጉጥ በተኮሰ ቁጥር የላዩ ብረት ወደ ኋላ ሄዶ፣ ቀለሁን ጥሎ፣ አዲስ ጥይት ይዞ «ጧ» ብሎ ይመለሳል። ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ጣታችሁ ምላጩን ገና እንደያዘ ነው፤ ሽጉጡ መትረየስ ሆኖ እንዳይቀጥል ምላጩን ከጥርሱ የሚያላቅቅ ተጨማሪ ብረት ያስፈልጋል። ብረት በተጨመረ ቁጥር መፋተግ ይጨምራል፣ ስሜቱም ይሻክራል። ሁለተኛ፣ ያ ብረት ሲመለስ ሽጉጡን በሙሉ ይንጠዋል። ጥርሱ መዶሻዋን የያዘው በአፍ በአፉ ብቻ ከሆነ በንውጥውጡ ያመልጠዋል። መዶሻዋ ትከተላለች፤ ማንም ሳይስብ ጥይት ይወጣል። የኛ አዛውንት ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ጥርሱን ሞርደው ለጣት ሲያለሰልሱት ለሽጉጡም አለሰለሱት።

የዒላማ ሽጉጥ ሠሪዎች ታሪክ የሚያጠነጥነውም እዚህ ላይ ነው። ለሰው ጣት በቀላሉ የሚለቅ፣ ለንውጥውጥ ግን የማይለቅ ጥርስ እንዴት ይሠራል?

*

እ.ኤ.አ. በ1936 በርሊን። በፈጣን ተኩስ ውድድር ጀርመናዊው ኮርኔሊዩስ ፋን ኦየን ወርቅ፣ የአገሩ ልጅ ሃይንትስ ሃክስ ብር ወሰዱ። የዚያ ዘመን ዝነኛ ሽጉጥ ቱሪንገን ውስጥ በዜላ-ሜሊስ ከተማ የሚሠራው የቫልተር «ኦሊምፒያ» ነበር። ለወታደር ከተሠራ ሽጉጥ ተስተካክሎ የመጣ ሳይሆን ከመጀመሪያው ለዒላማ የታሰበ፣ ትንሿን 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ። ከጦርነቱ በኋላ ዜላ-ሜሊስ በሶቪየት ይዞታ ሥር ወደቀች፣ ቫልተርም ፋብሪካውን አጣ። ሽጉጡ ግን አልሞተም። ከ1952 ጀምሮ ስዊዘርላንድ ሌንትስቡርግ ውስጥ ሃመርሊ የተባለው ፋብሪካ መሥራቱን ቀጠለ።

በ1936 የቀረ አንድ ሰው ነበር፤ ሃንጋሪያዊው ካሮይ ታካች። ጥሩ ተኳሽ ነበር፣ ግን የሃምሳ አለቃ ስለነበረና ቡድኑ መኮንኖችን ብቻ ስለሚወስድ ሳይሄድ ቀረ። በ1938 ልምምድ ላይ ሳለ ብልሽት ያለበት የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁ ላይ ፈነዳ። የሚተኩስበት እጅ! አንድ ወር ያህል ሆስፒታል ተኛ። ሲወጣ ለማንም ሳይናገር በግራ እጁ መለማመድ ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት የአገሩ ሻምፒዮና ላይ ሲመጣ ሰዎች ሊያያቸው የመጣ መስሏቸው ነበር ይባላል። አሸነፋቸው።

ከዚያ ጦርነት ሆነ፣ የ1940ም የ1944ም ኦሎምፒክ ቀረ። በ1948 ለንደን ላይ በ38 ዓመቱ ቀረበ፤ በ580 ነጥብ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቅ ወሰደ። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደገመው፤ የአገሩን ልጅ ሲላርድ ኩንን በአንዲት ነጥብ በልጦ፣ 579 ለ578።

ታካችን ያነሳሁት ልብ ለማሞቅ ብቻ አይደለም። እሱ ምላጩን አልቀየረም፣ ጣቱን ነው የቀየረው። አንዲት ተራ ሥራ እንኳ በደንብ ሠርታ የማታውቅ የግራ እጅ ጣት በጥቂት ወራት ውስጥ ግድግዳውን ማግኘት፣ እዚያ ላይ መቆየት፣ ሳትነቀንቅ መስበር ተማረች። የምላጭ ስሜት ግማሹ ብረቱ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ግን ቆዳው ውስጥ ነው።

*

አሁን እኔን በጣም ወደነካኝ ሰው ልምጣ። ሚኻይል ማርጎሊን ይባላል፣ በ1906 የተወለደ ሩሲያዊ። ገና ወጣት የቀይ ጦር ወታደር ሳለ በ1920ዎቹ አጋማሽ ካውካሰስ ውስጥ ጭንቅላቱ ላይ ቆሰለ። ዓይኑ ጠፋ። ሁለቱም።

ይህ ዓይነ ስውር ሰው የመሣሪያ ንድፍ አውጪ ሆነ።

እንዴት? በጣቱ። ሽጉጦችን እየፈታ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ እየዳሰሰ አጠናቸው። ወረቀት ላይ መሣል ስለማይችል ሐሳቡን በጭቃ፣ በሰም፣ በእንጨት እየቀረጸ ለሥዕል ባለሙያዎች ያስረዳ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ የወጣው የዒላማ ሽጉጡ ኢዥቭስክ ውስጥ በፋብሪካ ተሠርቶ ብዙ አገር ተሰራጨ፤ በሶሻሊስት አገሮች ስንት ወጣት ተኩስ የተማረበት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በርሜሉ አይንቀሳቀስም፤ የኋላው ማነጣጠሪያም ከሚሮጠው ብረት ጋር አብሮ አይሮጥም። የፊልም ወዳጆች ደግሞ ሳታውቁት አይታችሁታል፤ «ስታር ዎርስ» ላይ ልዕልት ሌያ የያዘችው መሣሪያ የተሠራው የማርጎሊንን ሽጉጥ መሠረት አድርጎ ነው።

እስቲ አስቡት። ዒላማውን አንድም ቀን ማየት የማይችል ሰው ለሌሎች የዒላማ መምቻ ሠራ። እኛ ዓይን ያለን ሰዎች ስለ ተኩስ ስናወራ ዓይን ዓይን እንላለን፤ «ዓይኑ ንስር ነው» እንላለን። ማርጎሊን ግን ሌላውን ግማሽ ያውቅ ነበር። ሽጉጥ እጅ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ክብደቱ ወዴት እንደሚያዘነብል፣ ብረት በብረት ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት በጨለማ የሚያውቅ ሰው ነበር።

እሱም አላረፈም። ሽጉጥ ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይ ይዘላል፤ በፈጣን ተኩስ አምስት ዒላማን በአራት ሰከንድ ለሚመታ ሰው ያ ዝላይ መርዝ ነው። ማርጎሊን በርሜሉን ከእጅ በታች አደረገው፤ ሽጉጡ የተገለበጠ መሰለ። በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ የሶቪየት ተኳሾች ይዘውት ቀረቡ፤ ዬቭጌኒ ቼርካሶቭ ብር ወሰደ። ወርቁ የሮማኒያው ስቴፋን ፔትሬስኩ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የተገለበጠው ሽጉጥ በደንብ ታገደ። ዛሬ የ25 ሜትር ውድድር ሽጉጥ 300 በ150 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት።

*

ባሕር ማዶ አሜሪካኖቹ በሌላ በኩል ገቡበት። እነሱ እጅ ላይ የነበረው 1911 የሚባለው የጆን ብራውኒንግ ወታደራዊ ሽጉጥ ነው። ጦር ሜዳ ጭቃ ውስጥ ወድቆ እንዲሠራ የታሰበ ስለሆነ ምላጩ ከባድ፣ መገጣጠሚያውም ልል ነው። በ1956 በፎርት ቤኒንግ የሠራዊቱ የአልሞ ተኳሾች ክፍል ሲቋቋም የጠመንጃ ጠጋኞቹ ያንን ሽጉጥ እየፈቱ አንድ በአንድ በእጅ ያስተካክሉት ነበር። ኮልት ኩባንያም በ1957 «ጎልድ ካፕ ናሽናል ማች» የተባለውን ለዒላማ የተሠራ ዓይነት ገበያ ላይ አወጣ።

እነዚህ ሰዎች በልምድ ያገኙት አንድ ነገር ይገርማል። ምላጩ ራሱ፣ ያ ጣት የሚያርፍበት ብረት፣ ክብደት አለው። የላዩ ብረት ተመልሶ ሲያርፍ ምላጩ በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይነጥራል፣ ማንም ሳይነካው ጥርሱን ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ምላጩን ከቀላል ብረት ሠርተው በዚያ ላይ ይበሱታል። የዒላማ ሽጉጥ ምላጭ ላይ የምታዩት ቀዳዳ ለጌጥ የመጣ አይደለም።

በ1960 ሮም ላይ (አዎ፣ የኛ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት ኦሎምፒክ) በፈጣን ተኩስ ሦስት ሰዎች እኩል 587 አመጡ፤ አሜሪካዊው ዊልያም ማክሚላን፣ ፊንላንዳዊው ፔንቲ ሊኖስቩኦ፣ ሶቪየቱ አሌክሳንደር ዛቤሊን። መለያ ተተኮሰ። ማክሚላን 147 አምጥቶ ወርቁን ወሰደ። እዚህ ደረጃ ላይ ሰውን ከሰው የምትለየው ያቺ ሩብ ሚሊ ሜትር ናት።

ከዚያ ኤሌክትሪክ መጣ። ቼዛሬ ሞሪኒ በ1980ዎቹ ባወጣው አንድ ጥይት በሚጎርሰው ሽጉጥ ላይ ጣት የሚጫነው ማብሪያ ማጥፊያ የመሰለ ነገር ነው፤ ባትሪው የቀረውን ይሠራል። ብረት በብረት ላይ መፋተግ የለም። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ነገር ግን ሁሉም ተኳሽ ወደዚያ አልሄደም። ዛሬም ብዙዎች በጥሩ ሁኔታ የተሠራ የብረት ጥርስ ይመርጣሉ።

*

እና ታሪኩ ሁሌ ወደ ቀላል ምላጭ ብቻ የሚሮጥ ይመስላል አይደል? አይደለም! እ.ኤ.አ. በ2005 ደንቡ ተቀየረ። ቀድሞ በፈጣን ተኩስ ውድድር የምላጭ ገደብ አልነበረም፤ አጭሯን ጥይት፣ ላባ የመሰለ ምላጭ ይጠቀሙ ነበር። ከዚያ በኋላ መደበኛዋ ጥይትና ቢያንስ 1000 ግራም የሚመዝን ምላጭ ግዴታ ሆነ። ለውድድር ስትመጡ ዳኛው አፈሙዙን ሽቅብ አቁሞ ምላጩ ላይ አንድ ኪሎ ያንጠለጥላል። ሽጉጡ ሳይተኩስ ኪሎውን ማንሳት አለበት። ካላነሳ አትገቡም።

አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ጣት። ሱቅ ሄዳችሁ ፌስታሉን በሌባ ጣታችሁ ጫፍ አንጠልጥላችሁ ሞክሩት፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ ሳትነቀንቁ።

ብዙ ሰው ውድድሩ ሞተ አለ። ግን የሆነውን እዩ። ጀርመናዊው ራልፍ ሹማን በድሮው ደንብ በ1992፣ በ1996 እና በ2004 ወርቅ ወስዷል። በአዲሱ ደንብ፣ በከባዱ ምላጭ፣ በ2008 ቤጂንግ ላይ መጥቶ ነሐስ ወሰደ። ሰውየው ያው ነው፣ ምላጩ ግን ሌላ ነው። ጣቱ ተማረች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ቀላልና ጥሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ተኳሽ ምላጩ «ከበደኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ክብደቱ አይደለም፤ ያለመታወቁ ነው። አንድ ኪሎም ቢሆን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው መጠን፣ «ቀጭ» ብሎ ከለቀቀ ጣት ያምነዋል። ሁለት መቶ ግራም ሆኖ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ከለቀቀ ጣት ትፈራለች። የፈራች ጣት ደግሞ ትነጥቃለች። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ጥርሱን አይቀንስም፤ ማዕዘኑን ያስተካክላል፣ ገጹን ያለሰልሳል፣ ባዶ ጉዞውን ይመጥናል፣ ከስብራቱ በኋላ ጣት የሚቆምበትን ወሰን ያበጃል። ከዚያ ደጋግሞ ይፈትነዋል። በዕድሜ ልክ የተማሩት ሥራ ነው እንጂ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ አይደለም።

ያኛው አዛውንት? ሽጉጡን ወደ ባለሙያ ወሰዱት። የሞረዱት ጥርስ ተጣለ፣ አዲስ ገባ። ምላጩ ተመዘነ፣ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ። ክበቡ ሲመለሱ ለሁለት ወር ያህል ጥይት አላስገቡም። ባዶውን ሽጉጥ ነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥረው፣ ቀጭ፣ ደግሞ ቀጭ፣ ደግሞ ቀጭ። ጠጋ ብዬ «አሁን እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ምላጩማ ያው ነው» አሉኝ፤ «እኔ ነኝ የቀለልኩት።»

እኔም ሰኞ ቶርኖዬ ላይ ቆሜ ያንን አሰብኩ። ሥራ ሲከብደኝ ቶሎ የምሮጠው መሣሪያውን ልሞርድ ነው። አንዳንዴ ልክ ነው፣ መሣሪያው በእውነት መጥፎ ይሆናል። አንዳንዴ ግን የምሞርደው ሰው የሚጠብቀውን ጥርስ ነው።

ከናንተ መካከል በውትድርናም ሆነ በስፖርት ተኩስ የተማራችሁ ካላችሁ፣ ምላጭ እንዴት እንደሚሳብ መጀመሪያ ቀን ምን ብለው እንዳስተማሯችሁ ጻፉልኝ። በጣም ነው ማንበብ የምፈልገው።

ቸር ያሰማን።